«ኔትወርክ የለም» የሚሉት በሽታ

በአገራችን የሁላችንንም ጥፋት ተሸክሞ የሚኖር አንድ ምስኪን አለ። ስሙ ኔትወርክ ይባላል። ልጁ ስልክ ያላነሳው በኔትወርክ ነው። ቀጠሮው የቀረው በኔትወርክ ነው። ብሩ ያልተላከውም፣ መልእክቱ ያልደረሰውም፣ ፍቅረኛዬ ዝም ያለኝም በኔትወርክ ነው። ይህ ምስኪን ሲስተም የሚባል ወንድም አለው፤ እሱ የሚኖረው ቢሮ ውስጥ ነው። በጠዋት ተነስታችሁ፣ ሰልፍ ይዛችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ። የት ሄደ? መቼ ይመለሳል? ማን ሊፈልገው ወጣ? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁላችንም «እሺ» እንልና ወንበር ፈልገን እንቀመጣለን።

ቴሌ ጠበቃ አድርጎ እንዳልቀጠረኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ኔትወርክ እውነትም የማይኖርበት ጊዜ ሞልቷል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለአንድ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ መመለስ የጀመረው በ2016 ሐምሌ ገደማ ነው። ዓመት ሙሉ እውነተኛው መልስ «ኔትወርክ የለም» በሆነበት አገር፣ ሰው ሌላ መልስ መጠበቁን ቢተው አይፈረድበትም። ችግሩ ኔትወርኩ ከተመለሰም በኋላ መልሱ ያው መቅረቱ ነው። መድኃኒት ያለው በሽታ ሁሉ «የማይድን» ከሚባለው ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ ይሞታል። ዛሬ የማወራችሁ ከነዚያ ስለ አንዱ ነው።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ግን ታውቁታላችሁ፤ ለዘመድ ይህ አይገባውም። አዲስ አበባ የተማረና ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው። የአክስቴ ቴሌቪዥን ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ። (ቴሌቪዥን ላይ መቅረብና ቴሌቪዥን መጠገን የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ካስረዳሁ በኋላም የምጠራው እኔ ነኝ።) ስለዚህ ለጥምቀት ደባርቅ በሄድኩ ጊዜ፣ አጎቴ የቡናው ሁለተኛ እንኳ ሳይቀርብ አሮጌ ደብተር ይዞ መጣ። ደብተሩ ውስጥ አንድ የድረ ገጽ አድራሻና የይለፍ ቃል ተጽፏል።

አጎቴ አስጎብኚ ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝሩን «ሀ» ብሎ ሲጀምር ከገቡት አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከኛው ከላሊበላ ጋር። በእግር የሚጓዝ እንግዳ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር ያድራል፣ ጊጭ ያድራል፣ ከዚያ ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የካምፕ ቦታ ነው። ዋልያ ለማየት የሚመጣ ሰው ዓይኑን ጥሎ የሚያድረው እዚያ ነው። አንድ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አጎቴ ብቻውን አይሠራም፤ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂው፣ በቅሎዋ ሳትቀር ይሠራሉ።

ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ አንድ ጀርመናዊ እንግዳው «ለምን ድረ ገጽ አይኖርህም?» ብሎ በስጦታ ሠራለት። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ለፈረንጅ። ግማሹ አማርኛ ነው፤ ለማን እንደሆነ አጎቴም በውል አይናገርም። እንግዳ በሌለበት ምሽት በስልኩ ይጽፋል። በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የት እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በቅሎ የምታምጽበት ቁልቁለት የቱ እንደሆነ፣ አባቱ ያንን ሸንተረር ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር። ሠላሳ ምናምን ገጽ ሞልቶታል።

«አሁን ግን አይከፍትም» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» ስለው «ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ጀምሮ። ኔትወርክ የለውም መሰለኝ ልጄ።»

ስልኩን ተቀብዬ ከፈትኩት። ነጭ ገጽ። መሐሉ ላይ አንድ ቁጥር፤ 502።

እናንተዬ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙ። ቁጥር ካያችሁ ኔትወርክ አለ። ኔትወርክ በሌለበት ማንም ቁጥር አይልክላችሁም፤ ስልካችሁ ራሱ «መገናኘት አልቻልኩም» ይላችኋል እንጂ። 502 ማለት ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ማሽን ጥያቄያችሁን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ መልስ ጽፎ መልሷል ማለት ነው። መልሱ መጥፎ ዜና ነው፤ ግን መልስ ነው።

ቁጥሮቹ ደግሞ ጠባያቸው ይለያያል። በ4 የሚጀምሩት «ጥያቄህን አስተካክል» ይላሉ፤ በ5 የሚጀምሩት «ችግሩ ከኔ ቤት ነው» ይላሉ። ሆቴል ገብታችሁ ምግብ አዘዛችሁ እንበል። 404 ማለት አስተናጋጁ «እንዲህ የሚባል ምግብ የለንም» ሲላችሁ ነው። 403 ማለት «አለ፣ ግን ለእናንተ አይሰጥም» ሲላችሁ ነው። 500 ኩሽና ውስጥ አንድ ነገር ተቃጥሏል፤ ምን እንደሆነ አልተነገራችሁም። 503 «ዛሬ ሰው በዝቶብናል፣ ቆይታችሁ ኑ» ነው። 504 አስተናጋጁ ኩሽና በር ላይ ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። 502 ደግሞ አስተናጋጁ ትእዛዛችሁን ይዞ ወደ ኩሽና ሄዶ፣ ከኩሽናው የረባ መልስ ሳያገኝ ሲመለስ ነው። አስተናጋጁ ደህና ነው። በሩ ክፍት ነው። ኩሽናው ነው ችግሩ።

በአጎቴ ድረ ገጽ አስተናጋጁ ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ሲሆን፣ ዛሬ የዓለምን ድረ ገጾች በር ከሚጠብቁት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ኩሽናው ደግሞ ፒኤችፒ ነው፤ ገጹን እያንዳንዱ ሰው በጠየቀ ቁጥር የሚያበስለው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ሥራ በሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? አምስቱ ደብሊውዎችና አንዱ ኤች! ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት።

መጀመሪያ «የት»። ችግሩ ደባርቅ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? አዲስ አበባ ላለችው እህቴና ዋሽንግተን ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ሁለቱም ያዩት 502 ነው። ስለዚህ ደባርቅ ነጻ ወጣች። ቀጥሎ «ምን»። ቁጥሩ ራሱ ነገረን፤ ኩሽናው። ቀጥሎ «መቼ» እና «ለምን»። እነዚህን ለማወቅ ምስክር ያስፈልጋል፤ ሰርቨር ደግሞ የሚገርም ምስክር አለው። ሎግ ይባላል። የገባውን፣ የወጣውን፣ የተሰናከለውን ሁሉ በየሰከንዱ ይጽፋል። ጉቦ አይበላም፣ «አላስታውስም» አይልም፣ ማንንም አይፈራም። ጋዜጠኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ምንጭ አግኝቼ አላውቅም።

(በነገራችን ላይ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ ሰዓት የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ የሐበሻ አቆጣጠር ደግሞ ስድስት ሰዓት ያጎድላል። ስለዚህ ሎጉ ላይ ያለውን ሰዓት ሦስት ቀንሱለት። «9:14» ካለ በእኛ ከቀኑ 6:14 ነው። አጎቴ «ያ ሰዓት ምሳ ላይ ነበርኩ» ብሎ ራሱን ከጥርጣሬ አወጣ።)

የስሕተቱን ሎግ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ተጽፏል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ፒኤችፒ 7.4ን ልጠራ ሄድኩ፣ እንዲህ የሚባል የለም» ማለት ነው። ማሽኑ ላይ የትኛው ፒኤችፒ እንዳለ አየሁ። 8.1። ነገሩ ይኸው ነው! ሰውዬው ቤት ቀይሯል፤ አስተናጋጁ ግን አሁንም የድሮውን በር ያንኳኳል።

«ማን ቀየረው?» የአጎቴን ኢሜይል ከፈትን። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው የውጭ ድርጅት ሦስት ማስጠንቀቂያ ልኳል። አሮጌው ማሽን ሊዘጋ ነው፣ ወደ አዲስ እናዛውራችኋለን፣ የማዋቀሪያ ፋይላችሁን አስተካክሉ። ሦስቱም የመጡት በ2016 ነው፤ ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ወራት። አጎቴ አንዱንም አላየም። ድርጅቱ ነግሯል፤ አጎቴ አልሰማም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። እዚህ ላይ ኔትወርክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገባ ተከሰሰ። ግን ልብ በሉ፤ ኔትወርክ የሠራው ጥፋት መልእክቱን ማስቀረት ነው። ድረ ገጹን የዘጋው አንድ ያልተቀየረ ቁጥር ነው።

የማዋቀሪያ ፋይሉን ከፈትኩ። 7.4 የሚለውን 8.1 አደረግኩት። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ሰርቨሩን አታስነሱት! ኤንጂንኤክስ ፋይሉን ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት እንዲያነብና እንዲፈትሽ የሚያዝ ትእዛዝ አለው። አንድ ድርብ ሰረዝ ብትጎድል እንኳ በስንተኛው መስመር እንደሆነ ይነግራችኋል። ደግሞም ከመንካታችሁ በፊት የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ፤ አንድ ነገር ቀይራችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ቢሳካለትም ለምን እንደተሳካለት አያውቅም። ፈተሸኩት፣ «ደህና ነው» አለ፣ አስጀመርኩት።

ገጹ ተከፈተ። የጭላዳው ፎቶ፣ ጅብራው፣ የአጎቴ የወጣትነት ፈገግታ። አክስቴ እልል አለች። አማርኛውን ስንነካ ግን እልልታው ቆመ። ፊደል የለም። በፊደሉ ፋንታ ጭረትና ነጥብ የተደረገባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ ዛር የሰፈረበት ይመስላል።

በፓወር ግዕዝ ዘመን የጻፋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፋችሁን ስትከፍቱ የሚወጣውን ጉድ። ያ ዘመን ያለፈልን የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ በተለመደው አሠራር አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ላቲን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ሲያነበው ሦስቱን ባይት ሦስት የተለያየ ምልክት ያደርጋቸዋል። ለዚህ ነው «ሰላም» የምትል ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ምልክት የምትሆነው። ይህ ግን የሚድን በሽታ ነው። ፊደሉ አልጠፋም፤ መነጽሩ ነው የተሳሳተው። ዳታቤዙን «ይህ ላቲን አይደለም፤ ጥሬ ባይት አድርገህ ያዘው፣ ከዚያ ዩኒኮድ ብለህ አንብበው» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። (ቅጂ አስቀምጣችሁ!) ሃያ ሦስት ገጽ አንድ በአንድ ነፍስ ዘራ። አጎቴ የአባቱን ሸንተረር ስም ጮክ ብሎ አነበበ።

አሥራ አንዱ ገጽ ግን ሌላ ነበር። እነሱ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ክፍት ቦታ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ። ይህ የማይድነው ነው። ዳታቤዙ ከአሮጌው ማሽን ሲገለበጥ ትእዛዙ ላቲን የሚል ነበር፤ በዩኒኮድ በትክክል የተቀመጡትን አዳዲሶቹን ገጾች ወደ ላቲን ሊመልስ ሞከረ። ላቲን ውስጥ «ጨ» የለም። ስለዚህ የማያውቀውን እያንዳንዱን ፊደል ጥሎ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተከለ። ነገሩ እንዴት እንደሚያናድድ እዩልኝ፤ የተበላሸው አሮጌው ክፍል በብልሽቱ ምክንያት ተረፈ፣ በደንብ የተቀመጠው ጠፋ። አሮጌው ማሽን ደግሞ ተደምስሷል።

ከጠፉት አንዱ ስለ ጨነቅ የጻፈው ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ይህን ቀን ያየ ይመስል፣ እውነትም ጨነቀኝ። «እርስዎ ቅጂ የለዎትም?» ብለው «እዚያ ነበር እንጂ ቅጂው» አለኝ፣ ስልኩን እያሳየኝ።

አንድ ተስፋ ቀርቶ ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓለምን ድረ ገጾች እየዞረ ቅጂ የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ። የአጎቴን አድራሻ አስገባሁ። ከአሥራ አንዱ አራቱን ይዟቸዋል! ማንም ሳይጠይቀው፣ አንድ ማሽን የደባርቅን በቅሎ ወሬ አስቀምጧል። የናንተም የጠፋ ነገር ካለ ፈልጉ። ሰባቱ ግን የሉም፤ ጨነቅም ከሰባቱ ነው።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የመንደር ድረ ገጽ?» የምትሉ አትጠፉም። ልንገራችሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከዚያ በ2015 ሌላ ግጭት መጣ። ፈረንጅ ቀረ። እነዚያ የድሮ እንግዶች በየአገራቸው ሆነው ዜና ሲሰሙ ያደረጉት ነገር የአጎቴን ስም መፈለግ ነው። ያገኙት 502 ነው። ድረ ገጹ እንደተነሳ የጻፈለት የመጀመሪያው ሰው ስለ ዋጋ አልጠየቀም። «በሕይወት አለህ?» ነው ያለው። ለካ እኛ «ኔትወርክ የለም» ብለን ስንቀመጥ፣ እዚያ ማዶ ሰዎች ለቅሶ ሊቀመጡ ደርሰው ነበር። ያቺ አንዲት ቁጥር የአንድ አስጎብኚ፣ የአንድ ስካውት፣ የአንድ አብሳይና የአንድ በቅሎ ነጂ ስንት ቀን እንጀራ እንደወሰደች ሎጉም አይነግረኝም።

ይህ ደግሞ የድሃ ቤት በሽታ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። ኩባንያው ራሱ እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ማእከሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መስመር ቆረጠው፤ ትእዛዙን ፈትሾ ሊያስቆም የሚገባው መሣሪያም እንከን ስለነበረበት አሳለፈው። እኛም አገር መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ብር ማውጣት ችለው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው ያደሩበት ማለቴ ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተሙ ላይ ከተሠራ የጥገናና የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ብሏል። ልዩነቱ ትልልቆቹ ሲወድቁ «ለምን?» የሚል ሰው ወዲያው መገኘቱ ነው። የአጎቴን ድረ ገጽ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱ ራሱም ጭምር።

ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው። ኮድ ተማሩ አልላችሁም። ኔትወርክ ነው ስትባሉ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ይከፍታል? ሁለተኛ፣ ቁጥር አለው? ስንት ነው? ሦስተኛ፣ ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የተቀየረው ምንድነው? ሦስቱን ከመለሳችሁ፣ ራሳችሁ ባትጠግኑትም እንኳ ለሚጠግነው ሰው ግማሹን ሥራ ሠርታችኋል። ቢሮ ውስጥም ይሠራል። «ሲስተም የለም» ሲሏችሁ በትሕትና «ምን ይላል? ስክሪኑ ላይ ምን ጻፈ?» በሏቸው። አንዳንዱ ይቆጣችኋል። አንዳንዱ ግን ዞሮ ያያል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰባቱን ገጾች በተመለከተ፤ የጥምቀት ማግስት አጎቴን አስቀመጥኩትና ስልኬን መቅጃ ላይ አደረግኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ጨነቅ ነበር። «ስሙ ለምን ጨነቅ ተባለ?» ስለው ሳቀና «ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቂ ሦስት ታሪክ ይነግሩሻል፤ እኔ ሦስቱንም ጽፌያቸው ነበር» አለኝ። ሦስቱንም እንደገና ነገረኝ፤ ምናልባት ከበፊቱ ትንሽ ረዘም አድርጎ። አሁን አንዱ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ነው፣ አንዱ የኔ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ አንዱ ዋሽንግተን ነው። አራተኛውን አክስቴ በወረቀት ታትሞ ይምጣልኝ ብላለች። እሷ ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ድሮም አታምነውም።